ለአባቴ አቤት ያለው ሰው

ይህን የምጽፈው እንድታምኑኝ አይደለም። ማመን የማይፈልግ ከዚህ ይመለስ፣ አልቀየመውም። እኔ ራሴ በዓይኔ ባላየው ኖሮ ለነገረኝ ሰው "ሂድና ትንሽ ተኛ" ነበር የምለው።

ግን ሆኗል።

የሆነውም በጨለማ አይደለም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ መብራት በበራበት፣ ሰው በሞላበት ነው። ሱሉልታ፣ አዲስ የተከፈተ የካንሰር ሕክምና ማዕከል ውስጥ።

የማዕከሉን ስም አልጠራም። እዚያ የሚታከሙ ሰዎች አሉ፣ የማንንም ተስፋ ማደፍረስ አልፈልግም።

ጂቱ እባላለሁ። የሰበታ ልጅ ነኝ፣ ቀለም ፋብሪካ ነው የምሠራው። ነገር ሲድበሰበስ አልወድም። ቀለም ወይ ደርቋል ወይ አልደረቀም፣ መሃል ላይ ሌላ ነገር የለም። ጠባዬ እንደዚህ ስለሆነ ነው እንግዲህ ይህ ሁሉ የመጣብኝ።

አባቴ ባይሳ ቦሩ ይባላሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ተፍኪ አካባቢ ጤፍና ሽምብራ ሲያርሱ ኖረው፣ ሲደክሙ እኛ ጋ ሰበታ መጡ። ባለፈው ዓመት ግራ ዓይናቸው ወደ ውጭ መግፋት ጀመረ። መጀመሪያ ጉንፋን አልነው፣ ቀጥሎ ምች አልነው። በመጨረሻ ሐኪሙ ፎቶውን ብርሃን ላይ ሰቅሎ ከዓይናቸው ጀርባ ያለውን ነገር በብዕሩ ጫፍ አሳየኝ።

ካንሰር ነው።

ለእሳቸው አልነገርናቸውም። በየትኛው ቤት ይነገራል? "ሳይነስ ነው፣ ትንሽ ይቆያል እንጂ ይለቃል" አልናቸው። እኔና እህቴ ጠጅቱ ተራ በተራ ጓሮ እየሄድን አልቅሰን፣ ፊታችንን ታጥበን እንመለሳለን።

ሐኪሙ የነገረኝን እስከ ዛሬ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

"በተለመደው ጨረር ከሞከርን ደህናውን ዓይናቸውንም እናጣለን። ሱሉልታ የሚከፈተው ማዕከል ግን ፕሮቶን የሚባል ጨረር አለው። እብጠቱ ጋ ደርሶ እዚያው ይቆማል፣ አልፎ ደህናውን አይነካም። በመጀመሪያው ዙር ይግቡ። ሁለተኛው ዙር ከስምንት ወር በኋላ ነው... አባትሽ ስምንት ወር የላቸውም።"

ስምንት ወር የላቸውም።

ይህን ቃል ይዤ ነው ወረፋ የገባሁት።

ማዕከሉ ሊከፈት ሦስት ሳምንት ሲቀረው ጀምሮ አጥሩ ሥር ሰው ተኮልኩሏል። ማንም ሳያዘን እኛው ራሳችን በደብተር ወረቀት ላይ የስም ዝርዝር አወጣን። ታውቁታላችሁ፣ እኛ አገር ወረፋ ያለ ወረቀት አይቆምም። ወረቀቱን የያዙት እትዬ ተስፋነሽ የሚባሉ የጫንጮ ሴት ናቸው፣ ባላቸው ጉሮሮውን ታሞባቸው የመጡ። በቀን ሦስት ጊዜ ስም ይጠራሉ። አቤት ያላለ ይሰረዛል። እንኳን ታመምኩ ሞትኩ ቢልም ይሰረዛል።

አባ አሥራ ሁለተኛ ነበሩ። የመጀመሪያው ዙር የሚወስደው ሃያ ሰው ነው።

ችግሩ እኔ ፋብሪካ ሺፍት አለኝ። ጠጅቱ አባን ትጠብቃለች። አባን ደግሞ ለሳይነስ ብዬ ሦስት ሳምንት የሱሉልታ ብርድ ላይ ላስቀምጣቸው አልችልም። ከሰበታ ሱሉልታ ሦስት ታክሲ ነው፣ ያውም መንገዱ ቀና ካለ።

ስለዚህ ሁሉም ሰው የሚያደርገውን አደረኩ። አቤት የሚልልኝ ሰው ፈለኩ።

ሰውዬው አጥሩ ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ግራጫ ካፖርት ለብሶ እስከ አንገቱ ቆልፎታል። የአባ እኩያ ይሆናል። ወረቀት አልያዘም። በሽተኛ አላመጣም። ዝርዝሩ ላይም ስሙ የለም።

ታዲያ እዚህ ምን ይሠራል ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየኩም፣ ቸኩዬ ነበር።

"ኦቦ፣ አካም ጅርቱ?"

"ነጋ፣ ደህና።"

"አባቴ ታመውብኝ ነው... መምጣት አልቻሉም። ባይሳ ቦሩ ተብሎ ሲጠራ አቤት ይሉልኛል?"

"እስከ መቼ?"

ታክሲው ሊሄድ ነው፣ ረዳቱ "የሞላ፣ የሞላ" እያለ ነው።

"እስኪጨርሱ ድረስ" አልኩት።

"እሺ።"

በቃ ይኸው ነው። ሌላ ምንም አልተባባልንም። ስሙን እንኳ አልጠየኩትም።

እትዬ ተስፋነሽ ሰምተውኝ ኖሮ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

"ልጄ... ለጤነኛ ይባላል። ለበሽተኛ አቤት አይባልም።"

"ለምን?"

"የሚጠራውን አታውቂማ።"

ሳቄ መጣ። የሚጠሩት እርስዎ አይደሉ እንዴ፣ እትዬ? በሆዴ ነው ያልኩት። ሮጬ ታክሲዋ ውስጥ ገባሁ።

ሰውዬው ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድም ጥሪ አላሳለፈም። ዝናብ ሲመጣ ሌላው ወደ ሱቅ በረንዳ ሲሮጥ እሱ ከድንጋዩ አልተነሳም አሉ። ሲበላ ያየው የለም። እኔ በየሁለት ቀኑ ስደውል እትዬ ተስፋነሽ አጭር መልስ ነው የሚሰጡኝ።

"አለ።"

ከዚያ ስልኩን ይዘጉታል።

የመክፈቻው ቀን ሰኞ ነበር፣ ሐምሌ ውስጥ። አባን "ለሳይነስ አዲስ ማሽን መጥቷል" ብዬ ንጹሕ ሸሚዝ አስለብሼ ይዣቸው መጣሁ።

ድንኳን ተተክሏል። ቀይ ምንጣፍ ጭቃው ላይ ተነጥፏል። ሪባን፣ ድምፅ ማጉያ፣ የታሸገ ውሃ። አንድ አስተናጋጅ መጥቶ ምን እንዳለን ታውቃላችሁ? "በሽተኞች ለክብር እንግዶቹ ቦታ ልቀቁልን።"

ለማን ነው የተሠራው ታዲያ? ለሪባኑ?

ከገመዱ ወዲያ አቆሙን። ጉሮሮው የተበሳው፣ ጭንቅላቱ የታሰረው፣ ሕፃን ያዘለችው፣ ሁሉም ቆሞ ንግግር ሰማ። አንዱ ጨረሰ ስንል ሌላው ይነሳል። አባ ግራ ዓይናቸውን በመሐረብ ሸፍነው ግንብ ተደግፈዋል። እኔ አንድ ነገር ተናግሬ እንዳላስባርር ከንፈሬን ነክሼ ቆምኩ።

እንግዶቹ ሄደው፣ ምንጣፉ ተጠቅልሎ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ።

አንዲት ነርስ መስታወቱ በር ላይ ወጣች። ባጇ ላይ ሚንሃ ይላል።

"ማንም ሳይገባ መጀመሪያ ስም ልጥራ። በሽተኛው ራሱ ነው አቤት የሚለው። በየቀኑ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት እንጠራለን። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ መልስ ከሌለ ማሽኑ አይነሳም፣ በሽተኛውም ከዙሩ ይወጣል። ማሽኑ የተሳሳተ ሰው ላይ እንዳይበራ ነው።"

ጥሩ ነው፣ አልኩ በልቤ። አንድ ሥርዓት ያለው ሰው ተገኘ።

አሥራ አንድ ሰው ተጠራ። አሥራ አንድ ሰው አቤት አለ።

"ባይሳ ቦሩ።"

አባ አፋቸውን ከፈቱ።

"አቤት።"

ከአባ አፍ አልነበረም የወጣው።

ከበሩ ውስጥ ነው... ከነርሷ ጀርባ፣ ገና ማንም ካልገባበት ኮሪደር።

ድምፁ ግን የአባ ነበር።

አባ ክንዴን ጨመቁኝ።

"ኤኙ?" አሉ በሹክሹክታ። "ማነው... ጂቱ?"

ሚንሃ ወረቀቷ ላይ ምልክት አደረገች።

"ቀጣይ።"

ሰው ገፍቼ በሩ ጋ ደረስኩ። "አባቴ እዚህ ውጭ ናቸው፣ አልገቡም" አልኳት። ወረቀቷን አየች። "ገብተዋል" አለች። ማን ነው የገባው ብላት "ባይሳ ቦሩ። አንድ ስም፣ አንድ ሰው" ብላ በሩን ዘጋችው። ዘበኛው በትከሻው መለሰኝ።

በማግስቱም አባን ይዤ ሄድኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስማቸው ተጠራ። ያው ድምፅ ከውስጥ "አቤት" አለ።

በሦስተኛው ቀን አባ በቃኝ አሉ። "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ለአፍንጫ ብሎ በር ላይ እንደዚህ የሚዋረድ ሰው የለም። ቤቴ አስገቢኝ።"

ምን ልበላቸው? አፍንጫ አይደለም፣ አባ... ሞት ነው ልበላቸው? ታክሲ አስያዝኳቸው።

ከዚያ በኋላ ያለውን አምስት ሳምንት ስጽፈው እንኳ ያንገበግበኛል።

ካርድ ክፍል ሄድኩ። ወደ ቅሬታ ክፍል ላኩኝ። ቅሬታ ክፍል "ሲስተም የለም" አለኝ። ሲስተም ሲመጣ ሰውየው ምሳ ወጥቷል። ከምሳ ሲመለስ ስብሰባ ገብቷል። ሺፍት እየቀያየርኩ፣ የዓመት ፈቃዴን እየበላሁ፣ በሥራ ጫማዬ ከነቀለሙ ሦስት ታክሲ ተሳፍሬ እመጣለሁ። "ነገ ነይ" ይሉኛል። ነገ ስመጣ "ትናንት ለምን አልመጣሽም?" ይሉኛል።

ሰውዬውን አጥሩ ጥግ ፈለኩት። ድንጋዩ ባዶ ነው። እትዬ ተስፋነሽን ጠየኳቸው።

"ከመክፈቻው ቀን ወዲህ ውጭ አላየሁትም" አሉኝ። ቀና ብለው አላዩኝም። "ሲገባ እንጂ ሲወጣ አይታይም።"

አንድ ቀን ሚንሃ ስልችት ብሏት ይመስለኛል፣ ወደ ውስጥ አስገባችኝ። ኮምፒውተሩን ወደኔ አዞረችው።

"ይኸው የአባትሽ ፋይል። ይኸው ፎቷቸው።"

አባ ናቸው።

ያው ንጹሕ ሸሚዝ። ያው የተገፋ ዓይን። ግን አባን እዚያ ቤት ማንም ፎቶ አላነሳቸውም... በሩን አልተሻገሩማ።

"ሌላም ላሳይሽ" አለች።

መደርደሪያ ላይ ነጫጭ የፊት ጭንብሎች ተደርድረዋል። መረብ ናቸው፣ ከፕላስቲክ። ሙቅ ውሃ ውስጥ ለስልሶ በሽተኛው ፊት ላይ ይለጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ የፊቱን ቅርጽ ይዞ ይደርቃል። ጨረሩ እንዳይስት ጭንብሉ ከአልጋው ጋር ይቆለፋል፣ ጭንቅላት ንቅንቅ አይልም። ለአንዱ የተሠራ ለሌላው አይገባም፣ አለችኝ።

አሥራ ሁለተኛውን አነሳችው። ባይሳ ቦሩ ተብሎ ተጽፎበታል።

አፍንጫው ወደ ቀኝ ታጥፏል። አባን በወጣትነታቸው በሬ የመታቸው ቦታ ነው። አገጩ ላይ ያለችው ጎድጓዳ እንኳ አልቀረችም።

"የአባትሽ ፊት ነው አይደል?"

"ነው..."

"ታዲያ ምንድነው የምትከራከሪን?"

ምን ብዬ ልመልስ? አባቴ እዚህ የሉም ብዬ የአባቴ ፊት ፊት ለፊቴ ተቀምጦ። ተነስቼ ወጣሁ። መንገድ ላይ ቆሜ፣ ሰው እያየኝ፣ አለቀስኩ። ከሐዘን ይልቅ ንዴት ነበር። አንድ ሌባ የአባቴን ዕድሜ እየወሰደባቸው ነው፣ እኔም በእጄ ነው የሰጠሁት።

የዚያን ቀን ጠጅቱ ደወለች።

"ጂቱ፣ አባ ከሰዓት ጋደም ሲሉ ፊታቸው ላይ መረብ መረብ የሚመስል ነገር ይወጣል።"

"ትራሱን ቀይሪው።"

"ቀይሬዋለሁ። ደግሞ... አልጋው ቀዘቀዘኝ ይላሉ።"

"ብርድ ልብስ ደርቢላቸው እንግዲህ። እኔ እዚህ የምሆነውን አታውቂም?"

ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት። እኔ ቤት ስደርስ መሽቶ፣ መስመሩ ጠፍቶ ነው የሚቆየኝ። ዓይናቸው ትንሽ ገባ ያለ ሲመስለኝ የዓይን ጠብታው ነው እላለሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፣ እኔስ አፍስሼ መልቀሙንም አላወኩበትም።

በመጨረሻ መላ መታሁ። ቀበሌያችን ሄጄ "ኦቦ ባይሳ ቦሩ በእነዚህ ቀናት ሰበታ ከቤታቸው አልወጡም" የሚል ደብዳቤ በሦስት የጎረቤት ምስክር አጻፍኩ። ክብ ማህተም አስመታሁበት። በዚህ አገር ማህተም ያላረፈበት እውነት ወሬ ነው።

ደብዳቤውን ይዤ አስተዳደር ኃላፊው ጋ የገባሁት ነሐሴ ውስጥ፣ አርብ ቀን ነው። ሕክምናው ቅዳሜና እሑድ ሳይቆጠር ሠላሳ ቀን ነው የሚፈጀው። ያ አርብ ሠላሳኛው ቀን ነበር።

ኃላፊው ማህተሙን ሲያይ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። አምስት ሳምንት ያልሰማኝ ሰውዬ በአምስት ደቂቃ ሰማኝ።

"ይህ ከባድ ጉዳይ ነው። ሌላ ሰው በአባትሽ ስም እየታከመ ከሆነ አሁኑኑ ይቁም። ነይ።"

አብሬው ወረድኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ኮሪደር ተሻገርኩ።

ሰውዬው አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻውን ተቀምጧል። ግራጫው ካፖርት እስከ አንገቱ ተቆልፏል። ፊቱን ወደ ግድግዳው ነው ያዞረው።

"ስምዎ ማነው?" አለው ኃላፊው።

"መታወቂያ ይዘዋል?"

ፊቱን ከግድግዳው አላዞረም።

"ይህን ቦታ ይልቀቁ። የርስዎ አይደለም።" ወደኔ ዞሮ "ዘበኛ ልጥራ፣ ደብዳቤውንም መዝገብ ቤት ላስገባ" ብሎ ወጣ።

ሁለታችን ቀረን።

ያኔ ሰውዬው ፊቱን አዞረልኝ።

ግራ ዓይኑ ወደ ውጭ ተገፍቷል... ድንጋዩ ላይ ያገኘሁት ጊዜ ደህና ዓይን ነበረው። አሁን አባ ሰኔ ላይ እንደነበሩት ነው። ከዚያም ብሷል። አፍንጫው ሥር የደረቀ ደም አለ።

"አንድ ቀን ቀረ" አለ።

ድምፁ የአባ ነው።

"ልጨርስልሽ?"

ይሄኔ ነው ማሰብ የነበረብኝ። ነገሩ ሁሉ ፊቴ ላይ ተጽፎ ነበር። ግን አምስት ሳምንት ሙሉ የቋጠርኩት ንዴት አፌ ላይ ነበር፣ እሱ ቀደመ።

"ከአባቴ ስም ላይ ውረድ" አልኩት።

"ልሂድ?"

"ሂድ።"

ተነሳ። ካፖርቱን አስተካከለ። በአጠገቤ ሲያልፍ እርጥብ ሲሚንቶ ሸተተኝ። በሩን ከፍቶ ዝናቡ ውስጥ ገባ።

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ዘጠኝ ከአሥር ይላል።

ስልኬ ጮኸ፣ ጠጅቱ ናት።

"ጂቱ..." ትንፋሽዋ ይቆራረጣል። "አባ..."

"ምን ሆኑ?"

"ድነው ነበር እኮ። ጠዋት ግራ ዓይናቸውን ከፍተው የጎረቤቱን ቆርቆሮ ቀለም ነገሩኝ። ልንገርሽ ብዬ ነው የጠበኩሽ... አሁን ግን ተመለሰ።"

"ምኑ ነው የተመለሰው?"

"እብጠቱ። አሁን። እያየሁት እየገፋ ነው... በአፍንጫቸው ደም እየመጣ ነው። ጂቱ፣ ምን አደረግሽ?"

ስልኩን እንደያዝኩ ወደ ውጭ ሮጥኩ። መንገዱ ወዲያም ወዲህም ቀጥ ያለ ነው፣ መደበቂያ የለውም። ሰው የለበትም። ጭቃው ላይ የኔ እግር ዱካ ብቻ ነው ያለው።

"ኦቦ..." ብዬ ተጣራሁ። "ኦቦ፣ ይመለሱ... ይጨርሱልኝ..."

ተመልሼ ገባሁ። ደብዳቤው ገና መዝገብ ቤት ቁጥር እየተሰጠው ነው አሉ። አምስት ሳምንት የገደለኝ መጓተት ያን ቀን ብቻ ጠቀመኝ። ሚንሃ ምንም አልሰማችም። መቆጣጠሪያ ክፍሏ ውስጥ፣ ስክሪኖቿ ፊት፣ ወደ እኔ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች። በሩ ገርበብ ብሏል።

ስክሪኑ ላይ የሕክምናው አልጋ ይታያል። ባዶ ነው። የአባ ጭንብል ራስጌው ላይ ተከፍቶ ተቀምጧል።

ወደ ማይክራፎኑ ጎንበስ አለች።

"ባይሳ ቦሩ።"

መልስ የለም።

ስልኩ ከጆሮዬ ጋር ነው። ከሰበታ የአባ ማቃሰት ይሰማኛል። ጠጅቱ "አባ፣ አባ" ትላለች።

ወረቀቷ ላይ አንድ መስመር አሰመረች።

"ባይሳ ቦሩ።"

መልስ የለም።

ሁለተኛ መስመር አሰመረች። እትዬ ተስፋነሽ ያሉኝ ትዝ አለኝ። የሚጠራውን አታውቂማ። አሁንም አላውቀውም፣ ግን ከስልኩ ውስጥ የአባ ማቃሰት እየቀነሰ ነበር... እየቀነሰ... ከዚያ ጠፋ።

"ባይሳ ቦሩ" አለች ሚንሃ፣ ለሦስተኛ ጊዜ።

"አቤት" አልኩ።

ድምፄ የኔ አልነበረም። እስከ ዛሬ ጉሮሮዬን እየዳሰስኩ አስባለሁ፣ ያ የአባ ድምፅ በየት በኩል ወጣ?

ሚንሃ ዞራ አላየችኝም። ወረቀቷ ላይ ምልክት አደረገች።

"ገብተዋል" አለች። አንድ ቁልፍ ተጫነች።

የክፍሉ ወፍራም በር ሲዘጋ ተሰማኝ። እኔ ግን እዚያው ነኝ፣ ከጀርባዋ ቆሜያለሁ።

ስክሪኑን አየሁ።

አልጋው ባዶ አልነበረም።

ጭንብሉ ተቆልፏል። ከሥሩ ሰው ተኝቷል፣ ሴት ናት። እጆቿ ጎንና ጎኗ ላይ ናቸው። የፋብሪካ ቱታ ለብሳለች። በግራ ጫማዋ አፍንጫ ላይ አረንጓዴ ቀለም ጠብ ብሎበታል... የዚያን ጠዋት ጫማዬ ላይ ጠብ ያለው።

እግሬን ቀዘቀዘኝ።

ቀስ ብዬ ወደ ታች አየሁ።

በካልሲ ነው የቆምኩት።

አልጮህኩም። ጩኸቱ ነበረኝ፣ ግን ከጮህኩ ሚንሃ ማሽኑን ታጠፋዋለች ብዬ ፈራሁ። እጄን አፌ ላይ ጭኜ ቆጠርኩ። ማሽኑ ዝዝዝ ይላል። ሴትየዋ አትንቀሳቀስም። እንድትነቃነቅም አልፈለኩም። እንድትጨርስ ብቻ ነበር የፈለኩት። ማን እንደሆነች፣ ምን እንደምትሆን አልጠየኩም። ይህን ሳልደብቅ ነው የምነግራችሁ።

"ጂቱ..." አለች ጠጅቱ በስልኩ።

"እ..."

"መስመሩ ወጣ... ፊታቸው ላይ። ዓይናቸው እየገባ ነው። ተነፈሱ። ጂቱ፣ አባ ተነፈሱ።"

ሚንሃ ወደ ማይክራፎኑ ጎንበስ አለች።

"ጨርሰዋል፣ ኦቦ ባይሳ። ሠላሳው ሞላ። እንኳን ደስ አለዎት።"

ስክሪኑ ለአፍታ ጠቆረና መልሶ በራ። አልጋው ባዶ ነው። ጭንብሉ እንደተቆለፈ ነው።

በሩ ተከፈተ። ሚንሃ ስትነሳ ያኔ ገና አየችኝ። "አንቺ ደግሞ በየት ገባሽ?" አለች። አልፌያት፣ ዙሪያ ጥምጥሙን ኮሪደር ይዤ፣ ወደ ክፍሉ ገባሁ።

ወለሉ ላይ የጭቃ ዱካ አለ። ከአልጋው ይነሳና ወደ መውጫው ሳይሆን ወደ ጀርባው ግድግዳ ይሄዳል። ያ ግድግዳ ጨረር እንዳያሳልፍ ተብሎ ሦስት ሜትር ኮንክሪት የተሞላ ነው። በር የለውም። መስኮትም የለውም።

ጫማዎቼ እዚያ ናቸው።

ጎን ለጎን ቆመዋል፣ ክራቸው እንደታሰረ። ቀረብ ስል ጫፋቸውን አላየሁትም። ጎንበስ ብዬ ዳሰስኩ። እስከ ግማሻቸው ድረስ ግድግዳው ውስጥ ገብተዋል። ኮንክሪቱ አልተሰነጠቀም። ዙሪያቸውን ለስልሶ ይዟቸዋል።

ስልኩ ውስጥ አባ ይናገራሉ። ድምፃቸው ወደ ራሳቸው ተመልሷል። "ጂቱ መጣች? ራበኝ በሏት" ይላሉ።

የግራውን ጫማ ተረከዙ ላይ ይዤ ሳብኩት።

ትንሽ ወጣ ያለልኝ መሰለኝ...

ከዚያ ከግድግዳው ውስጥ መልሶ ተሳበ። በኃይል አልነበረም። ጫማዋን ሰው ሲወስድባት እንደምትሳብ ሴት፣ ቀስ ብሎ።

ለቀቅኩላት።